ዶክተር ቶርስቴንሶንና የእማማ ብርቅአየሁ ጆሮ

እማማ ብርቅአየሁ በስቶክሆልም ዳርቻ ባለው የሮግስቬድ ሰፈር ኢትዮጵያውያን ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር። አንደኛው፣ በሦስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ጤና አዳም ማብቀላቸው ነው። «በዚህ አገር ብርድ? ምነው እማማ፣ አይልፉ» ያሏቸው ሁሉ ውለው አድረው ቅጠል ሊለምኑ በራቸውን አንኳኩተዋል። ሁለተኛው፣ ልጅ ዝም ማሰኘት መቻላቸው ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ወንጌላውያኑ ኢትዮጵያውያን ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ያለ አዳራሽ ተከራይተው እሑድ እሑድ ያመልኩበታል። መዝሙሩ አልቆ ስብከቱ ሲጀመር ልጆቹ ከጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባሉ፤ እማማ ብርቅአየሁም አብረው ይገባሉ። ከእሳቸው በፊት ልጆቹን ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሌላው መነጽሩ ተሰብሮ ሥራውን ትተዋል። እማማ ብርቅአየሁ ከገቡ ወዲህ ግን ከዚያ ክፍል የወንበር ድምፅ እንኳ አይሰማም።

«ይህ ጸጋ ነው!» ይሉ ነበር አቶ ደጀኔ።

አቶ ደጀኔ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው። ሳምንቱን አውቶቡስ ይነዳሉ፣ እሑድ ደግሞ ይዘምራሉ። ዘማሪ ብሎ የሾማቸው ሰው የለም። ከዚያው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ግን መድረኩን ባዶ ካገኙት ይወጡበታል። እሳቸው ሲዘምሩ ጉባኤው ዓይኑን የሚጨፍነው በመንፈስ ተነክቶ አልነበረም። እማማ ብርቅአየሁ ብቻ ናቸው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው በፈገግታ የሚያዳምጧቸው።

«ግሩም ድምፅ ነው ያለዎት፣ ወንድሜ። ለስለስ ያለ፣ እንደ ጥጥ!» ይሏቸዋል።

ከዚህ የተነሣ አቶ ደጀኔ ስለ እማማ ብርቅአየሁ ክፉ አያሰሙም።

አሁን ወደ ጸጋው እንመለስ። እማማ ብርቅአየሁ ልጅ ሲጮኽባቸው አይቆጡም፣ አይመቱም። ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው፣ «ሽሽ! ዶክተር ቶርስቴንሶን መጣ!» ይላሉ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ዶክተር ቶርስቴንሶን በመጀመሪያው እሑድ መርፌ ብቻ ነበረው። በሁለተኛው እሑድ መርፌው ረዝሞ ዣንጥላ አከለ። ከዚያ ጺም አበቀሉለት፤ ጺሙ ውስጥ መቀስ ደበቁበት። በፋሲካ ሰሞን የጩኸት ድምፅ ከሦስት የባቡር ጣቢያ ርቀት የሚያሸት አፍንጫ ተጨመረለት። እማማ ብርቅአየሁ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በክፋት አልነበረም። በአገራቸው እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ልጅ አልበላ ሲል፣ አልተኛ ሲል፣ «ቆይ፣ መርፌ ነው የማስወጋህ!» ይባላል፤ ልጁም ይበላል፣ ይተኛል። እሳቸው ስዊድን ከመጡ በኋላ የጨመሩት ነገር ቢኖር ለሐኪሙ ስም ማውጣት ብቻ ነው።

ስሙንም ያገኙት በመንገዳቸው ላይ ነው። ወደ ሱቅ ሲሄዱ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ በር ያልፋሉ። በሩ ላይ ስሞች ተጽፈዋል። እማማ ብርቅአየሁ የስዊድንን ፊደል የተለማመዱት እንዲህ በየበሩ እየቆሙ በማንበብ ነውና ይህኛውን ስም ወደዱት። ረጅም ነው፤ ሲነበብ ራሱ ጥርስ ያለው ይመስላል። ከዚያ በር ጀርባ ይህን ስም የያዘ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሽተኛ ያያል የሚለው ነገር አንድም ቀን በሐሳባቸው አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም!

ያልገቡት ፈርተው ነው። ይህን ግን ማንም አያውቅም። በልጅነታቸው፣ ወለጋ፣ ድሬሰር የሚባለው መርፌ ወጊ በበቅሎ ወደ መንደራቸው ይመጣ ነበር። መርፌውን በቆርቆሮ ጣሳ ሲቀቅለው ቅል፣ ቅል፣ ቅል ይላል። ብርቅአየሁ ያንን ድምፅ ሰምታ ጎታ ውስጥ ገባች፤ ጤፉ እስከ አንገቷ ዋጣት። ጎትተው አወጧትና ተወጋች። እስከ ዛሬ ድረስ ማንኪያ በብርጭቆ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ክንዳቸውን ይዘው ይነሣሉ። ስቶክሆልም ገብተው የልጃቸውን የአዜብን ልጅ፣ ሊናን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲያሳድጉ አንድም ቀን «አመመኝ» ብለው አያውቁም። ሲያማቸው በረንዳ ይወጣሉ፣ ጤና አዳም ይቀነጥሳሉ፣ ራስ ከሆነ ይሸታል፣ ሆድ ከሆነ ይጠጣል፣ ጆሮ ከሆነ ይወተፋል። አለቀ።

የጉባኤው እናቶች በበኩላቸው ችግር ላይ ነበሩ። ልጆቻቸው ለክትባት በተጠሩ ቁጥር ጤና ጣቢያው ይታመሳል። ከእናቶቹ የአንዷ፣ የሶረቲ፣ ልጅ ኖኅ ሚዛኑ ሥር ገብቶ የነርሷን ጫማ ነክሷል። ሌላዋ ልጅ ሱሪዋን ለነርሷ ትታ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሮጣለች። እናቶቹ ምሥጢሩ ቢጠፋቸው አንድ ዓርብ ተሰብስበው የፍርሃትን መንፈስ በጸሎት ገሠጹ። ከሁሉ አስበልጠው «አሜን!» ያሉት እማማ ብርቅአየሁ ነበሩ።

ከዚያ የሽምብራው ነገር መጣ።

ሊና አምስት ዓመቷን ጨርሳ ስድስተኛውን ይዛ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱን ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው የምትሰጠው። አንድ ቅዳሜ አዜብ የምትላትን ሁሉ «ምን?» እያለች ስታስደግም ዋለች። አዜብ ጠርጥራ በባትሪ ብታይ፣ በልጅቷ ጆሮ ውስጥ አንድ ክብ ነገር ቁጭ ብሏል።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ እዪ! ሽምብራ ነው?»

እማማ ብርቅአየሁ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ሽምብራ ነው። ግን አይዞሽ፣ የተቆላ ነው። አይበቅልም።»

ልጅቷን በአንድ እግሯ አዘለሏት፤ አልወጣም። ዘይት ጠብ አደረጉላት፤ አልወጣም። አቶ ደጀኔ በስልክ ተጠየቁና፣ «የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን አለ አይደል? ቱቦውን ጆሮዋ ላይ አድርጉና አስነሡት» ብለው መከሩ። ይህን የሰማችው ሊና መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆለፈች። ያልተዘጋው ጆሮዋ ጥሩ አድርጎ ይሰማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አዜብ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። ሳይቆዩ ተመለሱ። አዜብ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች፤ በዚያ ቤት ከዚህ የባሰ የቁጣ ምልክት አልነበረም።

«እማዬ፣ ዶክተር ቶርስቴንሶን ማን ነው?»

እማማ ብርቅአየሁ ወደ ሽንኩርታቸው ዞሩ። «እኔ ምን አውቄ። የፈረንጅ ስም ሁሉ ያው ነው።»

«ነርሷ ‹ዶክተር ቶርስቴንሶን ጋ ግቡ› ስትል ልጄ ምን እንዳለች ልንገርሽ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ልጆችን በዣንጥላ ይወጋል! ጺሙ ውስጥ መቀስ አለ!› እያለች የአበባ ማሰሮ አቅፋ አልለቅም አለች። ከነማሰሮዋ ነው ተሸክሜ ያወጣኋት። ማሰሮውን ልመልስ ደግሞ እንደገና ገባሁ።»

«ጺም አለው እንዴ?» አሉ እማማ ብርቅአየሁ በቀጭን ድምፅ።

«እማዬ!»

ሽንኩርቱ ከቀድሞው ይልቅ ደቅቆ ተከተፈ።

«ለረቡዕ ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውናል» አለች አዜብ። «ሐኪሟ ወይም ሐኪሙ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላየው ነው የወጣሁት። ረቡዕ ካልተቀመጠች ትልቁ ሆስፒታል ተልካ፣ በማደንዘዣ ተኝታ ነው የሚወጣላት።»

«ለአንዲት ሽምብራ ልጅ ያስተኛሉ?»

«ካልወጣ ያመረቅዛል፣ ጆሮዋ ይጎዳል! ምን ያድርጉ? አንቺ ያፈራሽው ሰውዬ ነው፤ አንቺው ውሰጃት። ረቡዕ ሥራ ገቢ ነኝ።»

እማማ ብርቅአየሁ ቢላውን አስቀመጡ። ልጅ ተኝታ፣ አፏ ላይ ጭንብል ተደርጎ፣ ዙሪያዋን ብረት ቅል፣ ቅል ሲል ታያቸው። በሽንኩርቱ አሳበው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሊና ከጤና ጣቢያው ከተመለሰች ወዲህ ኑሮዋን ጠረጴዛ ሥር አድርጋለች። እማማ ብርቅአየሁ ከነጉልበታቸው ሕመም ተንበርክከው ገቡ።

«ሊናዬ፣ የምሥራች። ዶክተር ቶርስቴንሶን ሞተ።»

«መቼ?» አለች ሊና በስዊድንኛ።

«ትናንት።»

«ታዲያ ነርሷ ዛሬ ለምን ጠራችው?»

እማማ ብርቅአየሁ ነገሩን ቶሎ አረሙት። «ማለቴ መርፌው ነው የሞተ። ተሰበረ። ጺሙንም ተላጭቷል።»

«መቀሱስ?»

«መቀሱን… ለፀጉር አስተካካይ ሸጠው።»

ሊና ወደ አያቷ ተጠግታ ዓይን ዓይናቸውን አየች። ይህች ልጅ ለውሸት የማትመች ልጅ ነበረች። «አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው አንቺ ቅደሚ። አንቺን ካልወጋሽ እኔ አስባለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማማ ብርቅአየሁ «እሺ» ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሊወጡ ሲሉ አናታቸውን መቱ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። እማማ ብርቅአየሁ በየመንገዱ ይቆማሉ፤ አንዴ ጫማቸው ጠጠር ገብቶበታል፣ አንዴ የሰው ውሻ ሊያዩ ነው፣ አንዴ ደግሞ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ጥቅስ ጠፍቷቸዋል። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ይዛ የጎተተቻቸው ሊና ናት።

«ሞርሞር፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለች። ሞርሞር ማለት በስዊድኖቹ ቋንቋ የእናት እናት ነው።

«በርዶኝ ነው።»

ወሩ ሰኔ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሊና ሰኞ ያቀፈችው የአበባ ማሰሮ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። እማማ ብርቅአየሁ እሱን እያዩ «እኔን ይሸከመኝ ይሆን?» ብለው ሲያስቡ በሩ ተከፈተ።

የወጣችው አጭር ሴት ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ ልጅ ልትወልድ ጥቂት ወራት ነው የቀራት። የእንጨት ጫማ አድርጋለች፤ ካልሲዋ ላይ እንጆሪ ተሥሏል። እጇን ዘረጋችላቸውና፣ «ቶርስቴንሶን» አለች።

እማማ ብርቅአየሁ እጇን ጨብጠው ከኋላዋ ሰውየውን ፈለጉ። ሰውዬ የለም።

ሊና ግን ደፈረች። ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና፣ «ጺምሽ የታለ?» አለቻት።

ሐኪሟ አገጯን በቁም ነገር ዳሰሰች። «ገና አልበቀለም» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ሊና ከበሩ ሳትርቅ ቆመች። «እሷ ናት የምትቀድመው» ብላ አያቷን በጣቷ አሳየች።

እማማ ብርቅአየሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ስዊድንኛቸው ለሱቅ፣ ለሰላምታና ለሊና ጨዋታ ይበቃል፤ ለሐኪም ግን አይሆንምና ሊና አስተርጓሚ ሆነች። ይህን ሹመት ያለ ማንም ጥያቄ ነው ራሷ የወሰደችው።

«ምን አመመሽ ትላለች» አለች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ።

«ጤነኛ ነኝ በያት። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሊና ወደ ሐኪሟ ዞራ አንድ ነገር አለች። ሐኪሟ የእማማ ብርቅአየሁን ትከሻ በርኅራኄ ደባበሰች።

«ምን አልሻት አንቺ?»

«በጣም ፈርታለች አልኳት።»

«የት አባሽና!»

ሐኪሟ ጫፉ ላይ መብራት ያለበት ትንሽ ነገር አንሥታ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠጋች። እማማ ብርቅአየሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎታውን፣ ጤፉን፣ ድሬሰሩን በሙሉ አዩ። ከዚያ ሐኪሟ «ኦይ!» አለች።

ኦይ የሚለውን ቃል ማስተርጎም አያስፈልግም።

ሐኪሟ በቀጭን መቆንጠጫ ቀስ ብላ ጎተተች፤ ጎተተች፤ ደግሞ ጎተተች። የወጣው ነገር እንደ ደረቀ ትምባሆ ተጠቅልሎ ጠቁሯል፤ ጫፉ ላይ ግን ሦስት ቅጠሎች አሉ።

ጤና አዳሙ ነበር። በበረዶው ወራት፣ ጉንፋን ይዟቸው ጆሯቸውን ሲቆረጥማቸው የወተፉት። ወትፈው ረስተውታል።

ሊና ከበሩ ሮጣ መጣች። «ሞርሞር ጆሮዋ ውስጥ አትክልት አብቅላለች!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሳቅ ይዟት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ሌላኛውን! ሌላኛውንም እዪው!»

ሌላኛውም ጆሮ አላሳፈራትም። ሐኪሟ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ አውጥታ ከመጀመሪያው ጎን በብረት ሳሕን ላይ አጋደመችው፤ ከዚያ ቀረብ ብላ አሸተተችውና በመገረም አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ከዚህ ሌላ አላችሁ ወይ ትላለች» አለች ሊና።

«አመጣላታለሁ በያት» አሉ እማማ ብርቅአየሁ፤ ከዚያም ድምፃቸው አስደነገጣቸውና አፋቸውን ያዙ። ክፍሉ ውስጥ ሰዓት አለ፤ ይቆጥራል። የሐኪሟ የእንጨት ጫማ ቋ፣ ቋ ይላል። የሊና ሳቅ መጨረሻው ላይ ትንሽ ፉጨት አለው። ይህን ሁሉ መቼ ነው የሰሙት? ወራቱን ሁሉ «ስዊድኖች እኮ እያንሾካሾኩ ነው የሚያወሩት፣ ምሥጢር ያለባቸው ሕዝብ ናቸው» እያሉ ሲያሙ ነበር የከረሙት።

ሊና ወንበሩ ላይ ወጥታ አያቷን በክርኗ ገፋቻቸው።

«ተነሺ፣ ተራዬ ነው። የእኔ ይበልጣል።»

«አትንቀሳቀሺ እሺ» አለቻት ሐኪሟ። «ከተንቀሳቀስሽ ምን እንዳለሽ አላይም። ሊያምሽ ይችላል፣ ጥቂት።»

እማማ ብርቅአየሁ ይህችን «ያምሻል» የምትለዋን ቃል ያውቋታልና ልጅቷን ሊያረጋጉ፣ «ምንም አያምም አለች፣ ሊናዬ» ብለው ተረጎሙ።

«ጥቂት ነው ያለችው» አለች ሊና ሳትንቀሳቀስ። «ሞርሞር፣ እኔ እሰማለሁኮ!»

እንዲህም ብላ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች። ሐኪሟ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ነገር አስገባች። ሊና ፊቷን አጨማደደች፤ የአያቷን ጣት ጨመቀች፤ «አይ!» አለች አንዴ። ከዚያ ሽምብራው ሳሕኑ ላይ ቂው ብሎ ወደቀና እየተንከባለለ ሄዶ ከጤና አዳሙ አጠገብ ቆመ። እማማ ብርቅአየሁ ብረት ሲጮኽ ክንዳቸውን አልያዙም። ሁለት እጃቸውም በልጅቷ እጅ ተይዞ ነበር።

«ለምን አስገባሽው?» ብላ ጠየቀች ሐኪሟ።

«ሞርሞር ስለ አንቺ ስታወራ እንዳልሰማ ነው።»

«ታዲያ ለምን በአንዱ ጆሮ ብቻ?»

«ሁለተኛውን በላሁት።»

ሐኪሟ ወደ እማማ ብርቅአየሁ ዞረች። እሳቸውም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ፊደል በትጋት ያነቡ ጀመር።

«ስለ እኔ ምን ትላለች?»

«ዣንጥላ የሚያክል መርፌ አለሽ።»

ዶክተር ቶርስቴንሶን ልትመዘግብ እስክሪብቶዋን አነሣች። «የሚታጠፈው ዣንጥላ ነው ወይስ የማይታጠፈው?»

ሊና ለአያቷ ተረጎመች። እማማ ብርቅአየሁ ይህን ጨርሶ አላሰቡበትም ነበር። «የሚታጠፈው» አሉ በመጨረሻ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ትንሽዬዋ። ለቦርሳ የምትሆነዋ።»

ሐኪሟ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ለሊና ሽምብራዋን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻት፤ ደረቷም ላይ ዝሆን ያለበት ተለጣፊ ለጠፈችላት። እማማ ብርቅአየሁ አልተነሡም። ደረታቸውን ወደፊት ገፋ አድርገው እስኪለጠፍላቸው ጠበቁ።

ከዚያ ወዲህ በጉባኤው ውስጥ ሥራቸው ተቀየረ። ልጅ ለክትባት የተጠራባት እናት ሁሉ እማማ ብርቅአየሁን ትዋሳለች። እሳቸው ቀድመው ወንበሩ ላይ ይወጣሉ፣ ጆሯቸውን ያሳያሉ፣ «አህህ» ይላሉ፤ ልጁም ተራውን ይሻማል። ኖኅ ነርሷን ሳይነክስ ተከተበ። እማማ ብርቅአየሁ እስከ ዛሬ ይፈራሉ። ግን የሚያዩዋቸው ልጆች ስላሉ መንቀጥቀጣቸውን «በርዶኝ ነው» ይላሉ።

ችግር የመጣው ግን ሽምብራው በወጣበት ሳምንት እሑድ ነው። ሊና ብልቃጧን ይዛ መጥታለች፤ ልጆቹ ሁሉ የአንዱን ጆሮ አንዱ እያየ አትክልት ይፈልጋል። ግርግሩ ስብከቱን አቋረጠ። እማማ ብርቅአየሁ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው፣ «ሽሽ! ዶክተር ቶርስቴንሶን መጣች!» አሉ።

«የታለች? የታለች?» ብለው ልጆቹ ሁሉ እየተጋፉ ወደ በሩ ሮጡ።

ጸጋው አለቀ። እማማ ብርቅአየሁ በተከፈተው ጆሯቸው ጩኸቱን ሙሉውን እየሰሙ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ምን ይበሉ? እንግዲህ ያን ዕለት ከስብከቱ በፊት አቶ ደጀኔ ዘምረው ነበር። እማማ ብርቅአየሁም ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ጆሯቸው ሰምተዋቸው ነበር። ነገሩ ትዝ አላቸው።

«ዝም ካላላችሁ» አሉ ዝግ ብለው፣ «አቶ ደጀኔን ጠርቼ አዘምራቸዋለሁ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኖኅ ሳይቀር ተቀመጠ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። አቶ ደጀኔ ናቸው፤ ግርግሩን ሊያስቆሙ መጥተው ስማቸው ሲጠራ ከበሩ ኋላ ሰምተዋል። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«እማማ ብርቅአየሁ፣ መቼም እርስዎ ጠይቀውኝ እምቢ አልልም» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።